ታኅሣሥ 19 ንጋት ላይ እንቢ ያለው ፒክአፕ፦ አሮጌ የናፍጣ መኪናን በብርድ የማስነሳት መመሪያ

ድሬዳዋ የኖረ መኪና ብርድ አያውቅም። የእኔም አያውቅም ነበር። አሮጌ ቶዮታ ሂሉክስ ነው፤ ባለ 3ኤል ሞተር ፒክአፕ። ሳቢያን ቤታችን በር ላይ ያድራል። ጠዋት ቁልፉን ገና ነካ ሳደርገው ይነሳል። "እንደሱ ያለ ሞተር የለም" እያልኩ ሰፈር ውስጥ እፎክርበት ነበር።

አንድ ዓመት ታኅሣሥ 18 ቀን እናቴንና ሁለት አክስቶቼን ጭኜ ወደ ቁልቢ ወጣሁ። ደንገጎን ወጥተን፣ ከመገንጠያው ወደ ቀኝ ታጥፈን፣ ማታ ደረስን። መኪናው ሜዳ ላይ አደረ። እኛም ጋቢያችንን ተከናንበን እዚያው አደርን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ግድም ሞተሩን ላሙቀው ብዬ ቁልፉን አዞርኩ። ግር፣ ግር፣ ግር። ከኋላ ትንሽ ነጭ ጭስ ቡልቅ አለና ቀረ። ደገምኩ። ያው ነው። ሦስተኛው ላይ ባትሪው ራሱ ድምፁ ሰለለ።

ታላቋ አክስቴ ከውስጥ ሆና "ገብርኤልን ሳትሰናበት ልትሄድ ስለሆነ ነው" አለችኝ።

አጠገባችን ያደረ የአይሱዙ ሹፌር መጣ። ሽማግሌ ቢጤ ናቸው። ኮፈኑን አስከፈቱኝ። "አንተ ልጅ፣ ባትሪውን ዝም ብለህ አትግደለው። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን እንያቸው" አሉ። ገመድ የተበየደባት አንዲት የፍሬቻ አምፖል ከኪሳቸው አወጡ። የአንዱን ካንዴላ ራስ ነኩ፤ አምፖሏ አልበራችም። ሁለተኛውን ነኩ፤ አልበራችም። ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ላይ ብቻ በራች።

"እንዲህ ሆኖ ስንት ጊዜ ነዳኸው?"

"እኔ እንጃ ጋሼ። ድሬ እኮ ያለምንም ችግር ይነሳል።"

"ያታለለችህ እሷ ናት" አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ብርዱ መኪናዬ ላይ ምንም አላደረገም። የድሬ ሙቀት ለዓመታት ሸፍኖልኝ የነበረውን ገለጠው እንጂ። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ ብርዱን ስለመዋጋት አይደለም። ሙቀቱ የደበቀውን ብልሽት ከመንገድ በፊት ፈልጎ ስለማግኘት ነው።

ብርዳችን የትኛው ነው?

የውጭ አገር ምክር ስታነቡ "በክረምት መኪና እንዴት ይነሳል" የሚል ይገጥማችኋል። የእነሱ ክረምት ሌላ ነው። ካናዳ ውስጥ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 እና 30 ዲግሪ ይወርዳል። ሰዉ ሞተሩን ማታ ማታ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰክቶ ነው የሚያሳድረው። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። መኪና የሚያስቸግረው ብርዳችን ደግሞ በበጋ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት። ሐረማያ ሜዳ ላይ ውርጭ የሚጥለው ያኔ ነው።

ሌላው ነገር ከፍታ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ቁልቢ ከዚያም ትበልጣለች። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አየሩም ይሳሳል። 2,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ለናፍጣ ሞተር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ናፍጣ እንደ ቤንዚን በብልጭታ አይቀጣጠልም። ፒስተኑ አየሩን ይጨምቀዋል፤ አሮጌዎቹ የቶዮታ ሞተሮች 22 እጥፍ ያህል ይጨምቁታል። አየሩ በመጨመቁ ብቻ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል። ከዚያ ናፍጣው ይረጫል፤ በራሱም ይነድዳል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ብረቱ ያንን ሙቀት ይጠጣዋል። አየሩ ሳስቶ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ የሚጨመቀው ትንሽ ነው። ሁለቱ ከተደመሩ ናፍጣው ሳይነድ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ነጩ ጭስ እሱ ነው፤ ያልነደደ ናፍጣ።

ካንዴላው የሚያስፈልገው ያንን ጉድለት እንዲሞላ ነው። ጋራዥ ውስጥ "ግሎው ፕላግ" የሚሉትም አሉ። ስሙ ካንዴላ ቢሆንም እንደ ቤንዚን መኪና ካንዴላ አይፈነጥቅም። እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ቀልቶ ይሞቃል። ድሬ ላይ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ለዚህ ነው ሞቶም የማይታወቀው።

አንድ፦ ከባትሪው ጀምሩ

ብዙ ሰው ሙቀት ለባትሪ ጥሩ ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው። ባትሪ የሚያረጀው በሙቀት ነው፤ ብርዱ እርጅናውን ያሳብቃል። ድሬ ላይ ውኃው ቶሎ ይተናል፤ ውስጡ ያሉት ሰሌዳዎችም ቶሎ ይበላሉ። ያ ባትሪ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ሞተሩ ደግሞ ዘይቱ ወፍሮ ለመዞር የበለጠ ጉልበት የሚጠይቀው በዚያው ሰዓት ነው።

ቮልት የሚለካ ቴስተር ግዙ። ርካሹም ይበቃል። መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ፣ ምንም ነገር ሳትከፍቱ፣ የባትሪውን ሁለት ራሶች ለኩ። 12.6 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 ከሆነ ሩብ ያህል ጎድሏል። 12.2 ግማሽ ነው። 12 ከደረሰ ባዶ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ባለ 24 ቮልት አይሱዙ ወይም ላንድክሩዘር ከሆነ እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻው ለኩት። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ደካማው ጠንካራውን ይዞት ይወድቃል። አንዱን ብቻ አዲስ መግዛት ስስት ነው፤ ዞሮ ዞሮ ሁለተኛውንም ትገዙታላችሁ።

ቀጥሎ ሰው ቁልፍ ያዙር፤ እናንተ ቴስተሩን እዩ። ሞተሪኖው፣ ማለት ሞተሩን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ሲያዞር ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ቻርጅ አልጠገበም። መኪናው ተነስቶ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ማሳየት አለበት። ከዚያ ካነሰ ዲናሞው ወይም ቀበቶው ይታይ።

የባትሪ ውኃ የሚሞላበት ዓይነት ከሆነ ክዳኖቹን ክፈቱና ሰሌዳዎቹ መሸፈናቸውን እዩ። የሚጨመረው የተጣራ ውኃ ነው። አሲድ አይደለም፤ የቧንቧም አይደለም። በተለይ የድሬ ቧንቧ ውኃ ጀበና ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ባትሪው ውስጥ አይጨምረውም።

አሁን ሰው የሚዘልለው ነገር። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ያረጃል። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይዝጋል። ሞተሪኖው ሲንቀራፈፍ "ባትሪ ሞቷል" ይባልና አዲስ ባትሪ ይገዛል። አዲሱም ያንቀራፍፋል። ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ከሌላ መኪና ባትሪ የሚዋሱበትን ኬብል ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ ራስ፣ ሌላውን ንጹሕ የሆነ የሞተር ብረት ላይ አጥብቃችሁ ያዙ። ከዚያ ሞተሩን አዙሩት። ፍጥነቱ በአንድ ጊዜ ከጨመረ ጥፋተኛው ገመዱ ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው፤ የባትሪ ዋጋ ያድናል።

ሁለት፦ ካንዴላዎቹ

ዋናው ነገር እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ጥምዝምዝ ቢጫ መብራት አትመኗት። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ያቺ መብራት ሰዓት ቆጣሪ ናት። ካንዴላው ይሙቅ አይሙቅ አታውቅም። አራቱም ሞተው መብራቷ በርታ ትጠፋለች። እኔን ዓመታት የሸወደችኝ እሷ ናት።

ከኮፈኑ ሥር፣ ከሞተሩ ራስ ጎን፣ አራት ወይም ስድስት ቀጫጭን ብሎኖች በአንድ ረጅም ጠፍጣፋ ብረት ተያይዘው ታያላችሁ። እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እየደረሳቸው እንደሆነ እዩ። የ12 ቮልት አምፖል ሁለት ገመድ በይዱለት። አንዱን ገመድ ከሞተሩ ብረት፣ ሌላውን ከዚያ ጠፍጣፋ ብረት ጋር አገናኙና ሰው ቁልፉን ወደ ማሞቂያው ይክፈት። አምፖሉ መብራት አለበት። ካልበራ ካንዴላዎቹ ላይ አትፍረዱ። ፊውዙን፣ ሪሌውን (ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ የሚከፍተውን ማብሪያ)፣ ከሪሌው የሚመጣውን ገመድ ተከተሉ። ሞተሩ ሙቅ ከሆነ አንዳንዱ መኪና ማሞቂያውን ራሱ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ሙከራው ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ይሁን።

ኤሌክትሪኩ የሚደርስ ከሆነ ቁልፉን ዝጉ። ጠፍጣፋውን ብረት ፈትታችሁ አንሱት። ይሄ ካልተነሳ ሙከራው ይዋሻችኋል፤ አንዱ ጤነኛ ካንዴላ ሁሉንም ጤነኛ ያስመስላል። አሁን የአምፖሉን አንዱን ገመድ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አገናኙ። በሌላው ገመድ የካንዴላዎቹን ራስ ተራ በተራ ንኩ። ከበራ ውስጡ ያለው ሽቦ አልተበጠሰም። ካልበራ ሞቷል። ቁልቢ ላይ ሽማግሌው ያደረጉት ይህንን ነው። ትንንሽ ብሎኖቹን ስትፈቱ አንዷ እንዳትወድቅባችሁ ጨርቅ ከሥር ዘርጉ። እኔ አንዷን ጥዬ ግማሽ ቀን በማግኔት ስፈልግ ውያለሁ።

ስትቀይሩ ሞተሩ ሞቅ ብሎ ሳለ ፍቱ። ቀዝቃዛ ላይ በጉልበት የተፈታ አሮጌ ካንዴላ ይሰበራል። ግማሹ ሞተሩ ራስ ውስጥ ከቀረ ራሱን ማውረድ ሊመጣ ነው። ማታ ሥሩ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩት። ከዚያ ትንሽ ፈታ፣ ትንሽ መለስ እያደረጋችሁ አውጡት። ሁሉንም አንድ ላይ ቀይሩ። ሲገጠሙ መጠነኛ ጥብቀት ይበቃቸዋል፤ ረዳት ልጅ በረጅም ቁልፍ ተንጠልጥሎ እንዲያጠብቅ አትፍቀዱለት።

ቮልቱን አንብቡ። ጎኑ ላይ ተጽፏል። አንዳንድ የቶዮታ ሞተሮች የ6 ቮልት ካንዴላ አላቸው፤ አንዳንዶቹ የ12። አይለዋወጡም። የ6ቱን 12 ላይ ብታውሉት በሰከንዶች ያልቃል። የ12ቱን በ6ቱ ቦታ ብታስገቡት አይሞቅም፤ እናንተም አዲስ ገጥሜ ምን ነካው ትላላችሁ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ከአዲሱ ጋር አስተያዩት። ርዝመቱንም ጭምር።

የወጣውን ካንዴላ ጫፍ ሳታዩ አትጣሉት። ጫፉ ካበጠ ወይም ከቀለጠ ያ ሲሊንደር ላይ ያለው ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨት ትቶ እያንጠባጠበ ሊሆን ይችላል። አዲሱንም ይበላዋል። ኖዝሎቹን ፓምፕና ኖዝል የሚሠራ ቤት ወስዳችሁ አስፈትሹ።

ሦስት፦ ሌሊት ወደ ታንከር የሚመለሰው ናፍጣ

ካንዴላውም ባትሪውም ደህና ነው። ጠዋት ግን ብዙ ካዞራችሁት በኋላ ነው የሚነሳው። በሚዞርበት ጊዜ ጭስ የለውም። አንዴ ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ያለችግር ይነሳል። ይሄ የአየር በሽታ ነው። የሆነ ቦታ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ሌሊት አየር ይገባና ናፍጣው ወደ ታንከሩ ይመለሳል።

ጭሱን ለይታችሁ ያዙ። እየዞረ ነጭ ጭስ ካለው ናፍጣ ደርሷል፣ ሙቀት ነው ያጣው። ጭስ ጭራሽ ከሌለ ናፍጣው ራሱ አልደረሰም።

አሮጌ ቶዮታዎች የናፍጣ ፊልትሮው አናት ላይ በእጅ የምትጫን ፓምፕ አላቸው። ጠዋት ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት ጫኗት። ገና ስትጫን ጠጠር ካለች አየር የለም። አሥር ጊዜ ባዶዋን ከሄደች በኋላ ጠጠር ካለችና መኪናው ወዲያው ከተነሳ በሽታው ተገኘ። ከዚያ በቅርቡ ያሉትን እዩ፤ የፊልትሮውን ጎማ፣ የቱቦ ማሰሪያዎቹን፣ ከኖዝል ወደ ኖዝል የሚሄዱትን ቀጫጭን የመመለሻ ቱቦዎች። እነዚህ በድሬ ሙቀት ደርቀው ይሰነጠቃሉ። በጣታችሁ ጎንበስ ስታደርጉት ስንጥቁ ይታያል። ርካሽ ነው፤ ሁሉንም ቀይሩት። የእጅ ፓምፗም ራሷ አየር ታስገባለች። ዙሪያዋ ናፍጣ ካረጠባት ጠርጥሯት።

ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ውኃ ካለ አፍስሱ። ብልቃጥ ውስጥ ተቀበሉት፤ ውኃው ከታች ይቀመጣል። ብርድ ቦታ ልታድሩ ከሆነ ታንከሩን ሞልታችሁ እደሩ። ባዶው ቦታ ላይ ያለው እርጥበት ነው ሌሊት ውኃ የሚሆነው።

ናፍጣው ራሱ ረግቶ ይሆን ብላችሁ ግን አትጨነቁ። ያ የብርቱ ብርድ አገር ችግር ነው። "ቤንዚን ጠብ አድርግበት" የሚል መካሪ አይጠፋም። አታድርጉት። አሮጌ የናፍጣ ፓምፕ የሚለሰልሰው በናፍጣው ቅባት ነው፤ ቤንዚን ያደርቀዋል። እሳት የመነሳቱም አደጋ አለ።

ዘይትን በአጭሩ ልለፈው። ባለ አንድ ቁጥር 40 ዘይት ለድሬ ሙቀት ይሆናል፤ ቁልቢ ንጋት ላይ ግን እንደ ማር ይወፍራል። 15 ደብሊው 40 ለሁለቱም ቦታ ይበቃል። መኪናችሁ በየሳምንቱ ደንገጎን የሚወጣ የሚወርድ ከሆነ ከዚህ ሌላ አትፈልጉ።

ማታ ስታቆሙ፣ ጠዋት ስታስነሱ

ቁልቁለት ፈልጋችሁ አቁሙ። አፍንጫው ወደ ታች፣ ፊቱ ክፍት። የድሮ ሹፌሮች ይህን በልማድ ያደርጉት ነበር። ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። የጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው ቦታ ካለ እሱን ምረጡ። ኮፈኑ ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጆንያ መጣል ትንሽ ይረዳል። ከላይ ግን፤ ውስጥ አይደለም። ውስጥ አድርጎ የረሳ ሰው ማራገቢያው የእናቱን ብርድ ልብስ ሲቦጫጭቅ ይሰማል። ማን እንደሆነ አልናገርም።

ጠዋት እንዲህ አድርጉ፦

1. መብራት፣ ራዲዮ፣ ማራገቢያ፣ ሁሉንም አጥፉ። ስልክ ቻርጅ አታድርጉ።

2. ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ጠጠር እስክትል ጫኑ።

3. ቁልፉን ወደ ማሞቂያው ክፈቱ። መብራቷ ስትጠፋ ወዲያው አታስነሱ። እስከ አምስት ቁጠሩ። ብርዱ ከበረታ ቁልፉን ዝጉና አንድ ጊዜ ድገሙት። ከሁለት ጊዜ በላይ ግን ባትሪ መጨረስ ነው።

4. ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጡ። ካምቢዮው ውስጥ የወፈረውን ዘይት ሞተሪኖው አብሮ እንዳያዞር ይረዳዋል። ነዳጅ መስጫውን ግማሽ ድረስ ርገጡና ያዙ። እየደጋገማችሁ አትርገጡ፤ ይህ የካርቡራተር ልማድ ነው።

5. አዙሩ። ቢበዛ አሥር ሰከንድ። ካልተነሳ ተዉና ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። ባትሪው ትንፋሽ ያገኛል፤ ሞተሪኖውም ይቀዘቅዛል። ከዚያ ከቁጥር 3 ጀምሩ። የመጀመሪያዋ "ጠቅ" ስትሰማ ቁልፉን ቶሎ አትልቀቁ። በአንድ ሲሊንደር እየተንገዳገደ ሊሆን ይችላል፤ ራሱን እስኪችል እርዱት።

6. ሲነሳ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ መልሱ። ሞተሩ ዝቅ ብሎ እንዲጠፋ የሚያስፈራራ ከሆነ ዳሽቦርዱ ሥር የዙር ማስተካከያ ቁልፍ ያላቸው አሮጌ ቶዮታዎች አሉ፤ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ስትሄዱ መመለሱን አትርሱ።

ከተነሳ በኋላ ለግማሽ ሰዓት አቁሞ ማሞቅ ጥቅም የለውም። አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ንዱት፤ የናፍጣ ሞተር እየሠራ ነው የሚሞቀው። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ነዳጅ እየሰጡ ማስጮህ ግን ሞተሩን መብላት ነው።

እንቢ ካለስ?

ከሌላ መኪና ባትሪ መዋስ ቀላሉ ነው፤ ግን ኬብሉ ወፍራም ይሁን። ለቤንዚን መኪና የተሠራች ቀጭን ኬብል የናፍጣ ሞተር አታዞርም፤ ትግላለች እንጂ። ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ አገናኙ። ከዚያ የአበዳሪውን ኔጋቲቭ ያዙና የመጨረሻውን ጫፍ ከእናንተ ባትሪ ሳይሆን ራቅ ካለ የሞተር ብረት ጋር አያይዙት። ባትሪው አጠገብ ብልጭታ እንዳይኖር ነው፤ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል። አበዳሪው አምስት፣ አሥር ደቂቃ ሞተሩን እየሠራ ይቆይ። ከዚያ አስነሱ። ባለ 24 ቮልት መኪና ለባለ 12 እንዳያበድር። ቁልቢ ላይ ስንት ሰው ሊረዳችሁ ይሯሯጣል፤ ከመካከላቸው ይህን የሚጠይቅ ግን ላይኖር ይችላል።

መግፋት ሌላው ነው። ለማንዋል ብቻ። ቁልፉን ክፈቱ፤ አለበለዚያ የናፍጣ መዝጊያው ስለማይከፈት ቢገፉት ቢገፉት አይነሳም። ካንዴላውን አሙቁ፤ ቢገፋም ሙቀቱን ይፈልጋል። ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮን ርገጡ፤ ፍጥነት ሲያገኝ ልቀቁ። አንደኛ ማርሽ ላይ አትልቀቁ። የ2ኤል፣ የ3ኤልና የ1ኤችዜድ ሞተሮች የታይሚንግ ቀበቶ፣ ማለት ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬድ ባለ ጥርስ ቀበቶ፣ አላቸው፤ ያረጀ ከሆነ በዚያ ንቅናቄ ጥርስ ሊዘል ይችላል። ሞተሩ እስኪነሳ ፍሬኑ ከባድ መሆኑንም አስታውሱ። ፊት ለፊት ሰው ካለ፣ በንግሥ ቀን ደግሞ ሁልጊዜ አለ፣ አታድርጉት።

የሚረጭ ኤተር ካንዴላ ላለው ሞተር አይሆንም። የጋለ ካንዴላ ካገኘው ጊዜውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል፤ ፒስተን ይሰብራል። ከሞተሩ ሥር እሳት ማንደድንም አይቻለሁ። ዘይትና ናፍጣ ያንጠባጠበ አሮጌ ሞተር ሥር እሳት ማንደድ ምን ማለት እንደሆነ ራሳችሁ አስቡት። ይልቅ ጨርቅ በሙቅ ውኃ ነክራችሁ የአየር ማስገቢያው ብረት ላይ ጠቅልሉት። ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ጋ ሙቅ ውኃ አይጠፋም። የፈላ ውኃ ቀዝቃዛ ብረት ላይ አትድፉ፤ ሊሰነጥቀው ይችላል። ሽማግሌው እኛን ያስነሱን በአንዷ ደህና ካንዴላ፣ በሙቅ ጨርቅና ከአይሱዙው አንዱ ባትሪ በተዋስነው ኤሌክትሪክ ነው። ነጩ ጭስ ሜዳውን ሲሸፍነው አክስቴ አማተበች።

ሁሉም ደህና ሆኖ አሁንም እንቢ ካለ

የቀረው የሞተሩ የመጭመቅ አቅም ነው፤ ኮምፕሬሽን የሚሉት። ፒስተን ቀለበቶቹ ወይም ቫልቮቹ ካለቁ አየሩ ያመልጣል፤ ሙቀቱም አይገኝም። ምልክቱ ነጩ ጭስ ከተነሳ በኋላም ብዙ ደቂቃ አለመጥራቱ፣ ሞተሩም እስኪሞቅ መንገዳገዱ ነው። ይሄ በቤት አይለካም። የናፍጣ መለኪያ ያለው ጋራዥ ውሰዱት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጤነኛ አሮጌ ሞተር 30 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ያሳያል፤ ወደ 20 የተጠጋ አልቋል ይባላል። ይህ ግን ለባሕር ወለል የተጻፈ ቁጥር ነው። ሐረር ላይ የአየሩ ግፊት የዚያ 80 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ምንም ያልሆነ ሞተር ሸዋ በር ላይ ሲለካ 24 ቢያሳይ አይደንቅም። ሲሊንደሮቹ እርስ በርሳቸው ይቀራረቡ እንደሆነ ጠይቁ። አራቱም 24 አካባቢ ከሆኑ ሞተሩ ደህና ነው። ሦስቱ 24፣ አንዱ 17 ከሆነ ግን ችግሩ እዚያ አንዱ ጋ ነው።

የእኔን ከቁልቢ መልስ አንድ ጋራዥ "ሞተር ይውረድ" ብለውኝ ነበር፤ 24፣ 24፣ 23፣ 24 አንብበው። አላወረድኩትም። አራት ካንዴላና ሁለት ሜትር የመመለሻ ቱቦ ገዝቼ ገጠምኩ። በሳምንቱ ሐረር ዘመድ ቤት አሳደርኩት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቼ እስከ አምስት ቆጠርኩና አዞርኩት። ሁለት ጊዜ ግር አለና ተነሳ።

የፍሬቻ አምፖል ላይ ገመድ በይጄ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጫለሁ።